«ሰባት ቤት ቁጠር» ቢሉኝ...

የዛሬው ጨዋታዬ የፍቅር ነው፤ ግን መዝገብ ቤት አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ስኖር ከአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ጋር ተዋደድን። ልንጋባ ነው ብዬ ለእናቴ ስደውልላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?» ሆነ። እኔም ለልጅቷ እንደ ቀልድ «እኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል» አልኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። ቆይታ «እኔ ከአያቴ እናት ወዲያ አላውቅም» አለችኝ። በምን ላይ እንደቀለድኩ የገባኝ ያኔ ነው። አፈርኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍለጋ ገባን።

አሜሪካኖች ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝባቸውን ይቆጥራሉ። የቆጠራው ቅጽ 72 ዓመት ተቆልፎ ይቆይና ይከፈታል፤ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። ብልሃቱ ከምታውቀው ሰው ተነስተህ ወደኋላ መሄድ ነው። በ1950ው ላይ አያቷን አገኘን። በ1930ው አያቷ ገና ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር ተመዝግባለች። በ1900ው ደግሞ ያቺው እናት አዲስ ሙሽራ ናት። ከዚያ ወዲያ ገደል! የ1890ው መዝገብ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል።

ደግሞም እዚያ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትይዝ በቆጠራ ብቻ ብትፈልጋት አታገኛትም። ያሻገረን የጋብቻ መዝገብ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ1853 ጀምሮ መዝገቡ የሙሽሮቹን ወላጆች ስም ጭምር ይይዛል። የወላጆቿን ስም ይዘን ወደ 1880ው ሄድን። ሙሽራይቱ የአንድ ዓመት ሕፃን ሆና ተገኘች! እዚያው ቤት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ «የአባወራው አማት» ይላል። የዝምድና ዓይነት መጻፍ የተጀመረው በዚሁ ቆጠራ ነው።

በባርነት የነበሩት ሰዎች በሙሉ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ከነጻነት በኋላ በ1866 ቨርጂኒያ ውስጥ የባልና ሚስት መዝገብ ተከፍቶ ነበር። ሴትዮዋ ከነባሏ እዚያ አለች፤ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የልጆች ስም፣ የመጨረሻ ጌታቸው ስም፣ አብረው መኖር የጀመሩበት ዓመት፦ 1846! ሕግ ባል እና ሚስት ናችሁ ያላላቸው ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ቀኑን ሲቆጥሩ ኖረዋል።

በጌታው ስም የ1860ውን የባሪያዎች ዝርዝር አየን። ስም የለም። «ሴት፣ 34፣ ጥቁር» ብቻ። ዕድሜው ይገጥማል፤ እሷ ናት ብሎ መማል ግን አይቻልም። ልጅቷ መስመሩ ላይ ጣቷን አስቀምጣ ብዙ ቆየች። እኔም ምንም አላልኩም።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። «ከራሷ ጀምራ ስድስት ቆጥራለች» አልኳት። «ጎሽ የኔ ልጅ! አንተስ?» አለችኝ። ጀመርኩ፤ ስሜን፣ አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን... አራት ላይ ቀጥ አልኩ። የሴቶቹማ ከአያቴም አላለፈ! የሷን ዘር የሰወረው ባርነት ነው። የኔንስ? ስንፍና!

እናላችሁ ወዳጆቼ፣ አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ስም ብቻ አትጻፉ፤ ቦታውን፣ ዘመኑን፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የሴቶቹንም የአባት ስም ጨምሩ። አንድ ሰው የነገራችሁን ሌላ ሰው ጠይቃችሁ አመሳክሩ፤ ዕድሜና የስም አጻጻፍ በመዝገብም ላይ ይዛነፋል። የኛ አያቶች መዝገብ አፋቸው ነው፤ እሱ ሲዘጋ ከ72 ዓመት በኋላም አይከፈትም።

ሠርጋችን? ቀኑ ተቆርጧል። መልካም ሳምንት!