ቶርቹ ሳይሆን ጋዙ ነው ኪስ የሚጎዳው

ግቢያችሁ ውስጥ ብረት በጋዝ ለመቁረጥና ለመበየድ ካሰባችሁ፣ ሱቅ ገብታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት የቶርቹን ዋጋ ነው አይደል? ቶርች አንዴ ይገዛል፤ ሲሊንደር ግን በየጊዜው ይሞላል። ስለዚህ ከጋዙ ጀምሩ።

ሥራችሁ መቁረጥ ብቻ ከሆነ ኦክስጅንና የማብሰያ ጋዝ ይበቃል፤ የመቁረጫው አፍ ግን ለዚሁ ጋዝ የተሠራ ይሁን። ላሜራ መበየድ ካለበት አሴቲሊን የግድ ነው። ከኦክስጅን ጋር ሲነድ 3,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል።

«ትልቁን ውሰድ፣ ሁሉን ይሠራል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አትስሙት። አሴቲሊን ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጠው አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ነው፤ ትልቅ ቶርች ከትንሽ ሲሊንደር በፍጥነት ሲስብ አሴቶኑም አብሮ ይወጣል። ለቤት ትንሹ ይሻላል።

የተረፈውን ብር እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚያግደው ቫልቭ ላይ አውሉት፣ ለሁለቱም ጎማ። እሱ ከሌለ እሳቱ በጎማው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ሊሄድ ይችላል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ልጆችም ጎረቤትም አሉ። እዚህ ላይ ቁጠባ ብሎ ነገር የለም። መገጣጠሚያውን በሳሙና ውኃ ፈትሹ፣ አረፋ ካወጣ አትለኩሱ።

የምትሠሩት በርና መስኮት ብቻ ነው? እንግዲያው የኤሌክትሪክ ብየዳና ግራይንደር ይበቃችኋል፤ ቶርቹ ይቆይ።