መድኃኒት በመጋዘንና መድኃኒት በመዝገብ



በሽተኛ ሐኪሙን ያውቃል፤ መድኃኒት ቀማሚውንም ያውቃል። ነገር ግን መድኃኒቱን ከፋብሪካ ተረክቦ፥ በመጋዘን ጠብቆ ለመድኃኒት ቤቱ የሚያደርሰውን አከፋፋይ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ከእነዚህ አከፋፋዮች አንዱ ማኬሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፥ የተጀመረውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. ጆን ማኬሰንና ቻርልስ ኦልኮት በኒውዮርክ በከፈቱት የመድኃኒት ንግድ ቤት ነው። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

የአከፋፋይ ሥራ ላይ ላዩን ሲያዩት ገዝቶ መሸጥ ብቻ ይመስላል። መድኃኒት ግን እንደ ጣቃ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ቀኑ ያልፍበታል፤ ሙቀትም ያበላሸዋል። ስለዚህ ባለመጋዘኑ ቀኑ ቀድሞ የሚያልፍበትን ቀድሞ ያወጣል፤ የየምርቱን ቁጥር ይመዘግባል፤ መድኃኒት ቤቱ ማታ ያዘዘውንም በማግሥቱ ያደርሳል። በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ የኮሮና ክትባት በተገኘ ጊዜ፥ የሞደርና ኩባንያ የሠራውን ክትባት በበረዶ ቅዝቃዜ እንደ ተጠበቀ በመላው አሜሪካ እንዲያሠራጭ መንግሥት የመረጠው ይህንኑ ማኬሰንን ነበር።

የዚህ ሁሉ መሠረት መዝገብ ነው። መዝገብና መጋዘን ሲለያዩ ምን እንደሚደርስ ከዚሁ ኩባንያ ታሪክ ይልቅ የሚያስረዳ አይገኝም።

ኩባንያው ማኬሰንና ሮቢንስ ይባል በነበረበት ዘመን፥ በ1926 ዓ.ም. ዶናልድ ኮስተር ነኝ የሚል ሰው ገዛው። የሰውየው እውነተኛ ስም ፊሊፕ ሙዚካ ነበር፤ አስቀድሞም በማጭበርበር ተፈርዶበታል። ወንድሞቹን በሐሰት ስም በኩባንያው ሥራ ውስጥ አስገብቶ፥ ጥሬ የመድኃኒት ቅመም በካናዳ መጋዘኖች ተከማችቷል፥ ከዚያም ይሸጣል እያለ ሒሳብ ያስጽፍ ጀመር። ደረሰኝ አለ፤ ደብዳቤ አለ፤ ትርፍም በየዓመቱ ይታያል። ቅመሙ ብቻ የለም።

የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጁልያን ቶምሰን ግን አንድ ነገር አላማረውም። የዚህ ክፍል ትርፍ በጥሬ ገንዘብ ገቢ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ተመልሶ ዕቃ ተገዛበት ይባላል። ቢመረምር ተንኰሉን ደረሰበት። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ነገሩ ሲገለጥ፥ ኩባንያው አለኝ ከሚለው 87 ሚሊዮን ዶላር ሀብት ውስጥ 19 ሚሊዮን ያህሉ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ሆኖ ተገኘ። ኮስተርም ራሱን ገደለ።

ሒሳብ መርማሪዎቹስ ወዴት ነበሩ? የሚል ይኖራል። መርማሪዎቹ ወረቀትን ከወረቀት ጋር አስተያይተው ነበር፤ መጋዘን ገብቶ ሣጥን መቍጠር በዚያን ጊዜ ግዴታቸው አልነበረም። በ1939 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ የሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበር፥ መርማሪ በዕቃ ቈጠራ ላይ እንዲገኝና ባለዕዳውን ራሱን እንዲጠይቅ ወሰነ። ዛሬ በቈጠራ ቀን መጋዘን የሚገባ ኦዲተር ሁሉ ይህን ልማድ ከዚያ ነገር ያገኘው ነው።

ይህ የሌለ መድኃኒት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ግን ያለልክ የወጣ መድኃኒት ታሪክ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከፊተኛው የከፋ ነው፤ የፊተኛው ገንዘብ ሲያጠፋ ይኸኛው ነፍስ አጥፍቷልና።

የአሜሪካ ደንብ አከፋፋዩ ከኦፒየም ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ከተለመደው በላይ ሲታዘዝ ለመንግሥት እንዲያስታውቅ ያዛል። ሆኖም በዌስት ቨርጂኒያ 400 ያህል ሰው ብቻ በሚኖርባት ከርሚት በተባለች ከተማ፥ አንድ መድኃኒት ቤት በሁለት ዓመት ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ ክኒን ከአከፋፋዮች ተቀበለ። ማኬሰንም ከሻጮቹ አንዱ ነበር። እዚህ ላይ መዝገቡ አልዋሸም፤ ቍጥሩን አይቶ የጠየቀ ግን አልነበረም። ማኬሰን አጠራጣሪ ትእዛዞችን ባለማስታወቁ በ2017 ዓ.ም. 150 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ እርሱና ሌሎች ሁለት ታላላቅ አከፋፋዮች በ18 ዓመት ውስጥ እስከ 21 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ከክፍለ ሀገሮቹ ጋር ተስማሙ።

በዚሁ ስምምነት የሦስቱን ኩባንያዎች የሽያጭ ቍጥር በአንድነት የሚሰበስብ ገለልተኛ መዝገብ ቤት እንዲቋቋም ተደንግጓል፤ ቀድሞ እያንዳንዱ የራሱን ሽያጭ ብቻ ያይ ስለ ነበር፥ አንድ መድኃኒት ቤት ከሦስቱም ሲገዛ ድምሩን የሚያውቅ ሻጭ አልነበረም።