ሕዝቡ ፈለገ የተባለው

የቴሌቪዥን ሰዎች ስለ ጩኸታቸው ሲጠየቁ የማይነጥፍ መልስ አላቸው፦ «ሕዝቡ የሚፈልገውን ነው የምናቀርበው።» ማስረጃቸው ሬቲንግ ነው። የሕንድ የዜና ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳዩት ጉድ ግን ይህን መልስ ከሥሩ የሚነቅል ነው።

በዚያ ዓመት ጁን 14 ተዋናዩ ሱሻንት ሲንግ ራጅፑት ሙምባይ በሚገኘው መኖሪያው ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን አጥፍቷል አለ። ጣቢያዎቹ ግን ገዳይ ፈለጉ፤ የሴት ጓደኛውን ተዋናይት ሪያ ቻክራቦርቲንም ለዚህ አጯት። ለሳምንታት ከጠዋት እስከ ማታ ወሬው እሷ ብቻ ሆነች። «በመተት ነው የያዘችው» እስከ መባል ተደረሰ። አንድ የዴሊቨሪ ሠራተኛ ዕቃ ይዞ ወደምትኖርበት ሕንፃ ቢመጣ ሪፖርተሮች ማይክ ደግነው ወረሩት፤ ለየትኛው ቤት እንዳመጣ ይናገር ተባለ። ኮሮና በቀን እስከ 98 ሺህ ሰው የሚይዝበት፣ ኢኮኖሚው በአንድ ሩብ ዓመት 23.9 በመቶ የወደቀበት ወቅት ነበር።

ሪያ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ተጠርጥራ ለአንድ ወር ያህል ታስራ በዋስ ወጣች። የሐኪሞች ቡድን ግድያ የለም አለ። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ በ2025 መዝገቡን ለመዝጋት ሪፖርቱን ሲያቀርብም ያንኑ ደገመ።

ታዲያ ያን ሁሉ ጩኸት የጠየቀው ማን ነው? ሬቲንግ የሚለካው ባርክ የተባለው ተቋም ያኔ ወደ 44 ሺህ ቤቶች ውስጥ መለኪያ ሣጥን ነበረው። ቤተሰቡ ሲመለከት እያንዳንዱ የራሱን ቁልፍ ይጫናል፤ ሣጥኑ የተከፈተውን ጣቢያ ይመዘግባል፤ ውጤቱ በየሳምንቱ ይወጣል፤ የማስታወቂያ ገንዘብም ያንን ተከትሎ ይፈስሳል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ወደ 200 ሚሊዮን ነውና አንዱ ሣጥን ከ4,500 በላይ ቤቶችን ወክሎ ይናገራል ማለት ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ወጥ ለመቅመስ ድስቱን መጨረስ አያስፈልግም። ችግሩ ቀማሹ ሲገዛ ነው።

ኦክቶበር 8 የሙምባይ ፖሊስ አዛዥ መግለጫ ሰጡ። ሣጥን ያለባቸው ቤተሰቦች በወር 400 እና 500 ሩፒ እየተቀበሉ የተመረጠ ጣቢያ ከፍተው እንዲተዉ ተደርጓል አሉ፤ እንግሊዝኛ የማይሰማ ቤተሰብ ሳይቀር የእንግሊዝኛ ዜና ከፍቶ ይውላል። የእንግሊዝኛ ዜና ተመልካች ከጠቅላላው ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ሣጥኖች ደረጃውን ያናጋሉ። ከተጠቀሱት ጣቢያዎች አንዱ፣ የአርናብ ጎስዋሚ ሪፐብሊክ ቲቪ፣ ክሱን አጥብቆ ካደ፤ የበቀል እርምጃ ነውም አለ። ክሱ በ2024 በመንግሥት ጥያቄ ተቋረጠ፤ ስለዚህ ጥፋተኛ የተባለ የለም። ለእኔ ቁም ነገሩ የማንም መቀጣት አይደለም። «ሕዝቡ» ሲባል የኖረው፣ በጥቂት መቶ ሩፒ ሊዛባ የሚችል ቁጥር መሆኑ ነው እንጂ።

ቁጥሩ ንጹሕ ቢሆንስ? ሣጥኑ ተገርሞ ያየውንና ተናዶ ያየውን አይለይም። ዩቲዩብም አይለይም፤ የእኛዎቹ «ሰበር» ባዮች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ከፖሊሱ መግለጫ በኋላ ባርክ ወዲያው የዜና ጣቢያዎችን ሬቲንግ ማውጣት አቆመ። በማርች 2022 ሲመለስ የሚያወጣው የአንድ ሳምንቱን ሳይሆን የአራት ሳምንቱን አማካይ ሆነ። ጥሩ ዘዴ ይመስለኛል፤ የአንድ ምሽት ጩኸት በሚቀጥለው ውጤት ወዲያው እንዳይከፈለው ያደርጋል። ፍርድ ቤትም ዝም አላለም፤ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2021 የሚዲያ ችሎት ፍትሕን እንደሚያደናቅፍ ገልጾ የሁለት ጣቢያዎችን ዘገባ ነቀፈ። የብሮድካስተሮቹ የራሳቸው ተቆጣጣሪ አካል ደግሞ የሟቹ ናቸው ብሎ የሐሰት ትዊቶች ባሰራጨው አጅ ታክ ላይ 100 ሺህ ሩፒ ቅጣት ጣለ። አጅ ታክን ለሚያህል ጣቢያ ይህ ቁብ የሚሰጠው ገንዘብ አይደለም።

በዚያው በ2020 ኦክቶበር ግን ራጂቭ ባጃጅ (እኛ አገር ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ስሙን የወሰደበት ኩባንያ ኃላፊ ናቸው) ሦስት ጣቢያዎችን ከማስታወቂያ ዝርዝራቸው እንዳወጡ ተናገሩ። የፓርሌ ብስኩት አምራቾችም ጥላቻ ለሚረጩ ጣቢያዎች ማስታወቂያ አንሰጥም አሉ። ሬቲንጉ የሚሳደደው ለእነዚህ ሰዎች ሲባል ነው፤ ከዳኛውም ከቅጣቱም ይልቅ የጣቢያ ባለቤትን እንቅልፍ የሚነሣው የእነሱ ስልክ ይመስለኛል።