ስለ መኝታ ትቢያና ስለ ሌሊት ሳል

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ወሎ ደጋ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ቁርበት አንጥፎ፥ አጎዛ ደርቦ፥ ባና ለብሶ ይተኛል። ልጅ ሲያስልና ሲያስነጥስ ያደረ እንደ ሆነ፥ እናቱ ብርድ መታው ብላ አጎዛ ትጨምርለታለች። ነገር ግን የሕመሙ ምክንያት ያው አጎዛ ሊሆን ይችላል።

በመኝታ ውስጥ ርዝመቱ የሚሊሜትር ሢሶ ያህል የሆነ፥ እንደ መዥገር ስምንት እግር ያለው ተባይ ይኖራል። እንደ ቁንጫና እንደ ትኋን አይነክስም፤ ምግቡ ከሰው ገላ የሚረግፈው ቅርፊት ነው። ውኃም አይጠጣም፤ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል እንጂ። ስለዚህ በክረምት ይበዛል። የሚጎዳው ዓይነ ምድሩ ነው፤ ደቅቆ ከትቢያ ጋራ ሲተነፍሱት፥ ሰውነቱ በማይቀበለው ሰው ላይ ማስነጠስንና አስምን ያስነሣል። የቤት ትቢያ ጉዳት ከዚህ ተባይ መሆኑን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በላይደን ከተማ የነበሩ የሆላንድ ሊቃውንት አስረዱ። በጅማ ተደርጎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በታተመው ምርመራም፥ ሰውነታቸው በዚህ ተባይ የሚቆጣ ሰዎች በከተማም በገጠርም ተገኝተዋል።

ክረምቱ ሲወጣ መኝታውን ሁሉ ማስጣት የቆየ ልማድ ነው፤ መልካምም ነው። ብርቱ ፀሓይ ተባዩን አድርቆ ይገድለዋል፤ ዓይነ ምድሩ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ከተሰጣ በኋላ ከቤት ርቆ በበትር ማራገፍ ያስፈልጋል፤ የሚያራግፈውም በሽተኛው አይሁን። የጥጥ ልብስ እጅ በማይችለው ፍል ውኃ ይታጠባል፤ ባና ግን ይኮማተራልና በፀሓይና በበትር ይበቃዋል። ቤት ሲጠረግ አስቀድሞ ውኃ ይርከፍከፍ።

ሳል ሁሉ ከዚህ ተባይ ነው ማለት አይደለም፤ የምድጃ ጢስም ያስላል። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።