ለመታሰቢያ ቀን በኮት ላይ ስለሚሰካ አበባ፤ በጨፋ ሸለቆ ካለው የሐዘንና የደስታ ምልክት ጋራ ሲነጻጸር

ባለፈው ዓመት የካቲት 12 ቀን የሰማዕታት መታሰቢያ በሚከበርበት ጊዜ፣ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰን በስድስት ኪሎ ሐውልት አጠገብ ቆመን ነበር። የውጭ አገር ሰዎች በጦርነት ለሞቱባቸው ወታደሮች መታሰቢያ በኮታቸው ላይ አበባ እንደሚያደርጉ ስለምናውቅ፣ እኛም እያንዳንዳችን አንዳንድ ነጭ አበባ በግራ ደረታችን ላይ ሰክተን ነበር። ከከሚሴ ለሕክምና መጥተው አብረውን የነበሩት ሽማግሌ አጎታችን ግን ዝም ብለው ሲመለከቱን ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ሙሽራው ከእናንተ ማንኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁን። በጣም አፈርን። ይህንም አጭር ጽሑፍ ያስጀመረን ያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ልማዱ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ፖፒ የሚባለው ቀይ አበባ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቤልጅግና በሰሜን ፈረንሳይ፣ መድፍ ባረሰው መሬት ላይ በብዛት የበቀለ የሜዳ አበባ ነው። ጆን ማክሬ የተባለ የካናዳ ሐኪም በ1915 እ.ኤ.አ. ስለዚህ አበባ ግጥም ጻፈ። ሞይና ማይክል የተባለች አሜሪካዊት መምህርት በ1918 እ.ኤ.አ. አበባውን የመታሰቢያ ምልክት ለማድረግ ተነሣች፤ አና ጌራን የተባለች ፈረንሳዊትም ሐሳቡን ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፋች። በእንግሊዝ አገር የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በ1921 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ አበባውን ለሕዝብ አቀረበ። ከዚህ የተገኘው ገንዘብም ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው መርጃ ሆነ። እንግዲህ ፖፒ ጌጥ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሰው ሙታንን ሲያስብ በሕይወት የቀሩትን እንዲረዳ የሚያደርግ መዋጮም ነው። በእኛ በወሎ ለዚህ የሚቀርበው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ጎረቤት የሚረዳዳበት ቅሬ ነው።

የአለባበሱ ሥርዓት ደግሞ እንደሚከተለው ነው። አበባው ከኦክቶበር ወር መጨረሻ ግድም ጀምሮ የጦርነቱ ማቆሚያ ስምምነት እስከሚታሰብበት እስከ ኖቬምበር 11 ቀን ይደረጋል። አብዛኛው ሰው በልብ በኩል ነው ብሎ በግራ ያደርገዋል፤ ሆኖም ማኅበሩ ራሱ ይህን ያህል የጠበቀ ሕግ አላወጣም። የወንድ ኮት የአበባ ቀዳዳው በግራ ክሳድ ላይ ስለሆነ የአበባው ግንድ በዚያ ይገባል፤ ቀዳዳ ከሌለ ከበስተኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። ኒሻንና ሜዳይ ያለው ሰው አበባውን ከሜዳዩ በላይ ያደርጋል። ባለ ሜዳዩ ሞቶ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ የሚያደርገው እንደሆነ፣ የራሱ አለመሆኑ እንዲታወቅ በቀኝ ደረቱ ላይ ያደርገዋል። ይህ የመጨረሻው ልማድ የአያቶቻቸውን የአርበኝነት ሜዳይ በሚያዝያ 27 ቀን ለሚያደርጉ ወጣቶቻችን ሊጠቅም የሚችል ይመስለናል።

ሌሎችም ሕዝቦች የየራሳቸውን አበባ መርጠዋል። ፈረንሳዮች ሰማያዊ የእህል ማሳ አበባ ያደርጋሉ። በቦስኒያ ደግሞ ሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. በስሬብሬኒጻ የተገደሉት ሙስሊሞች የሚታሰቡት መካከሉ አረንጓዴ በሆነ ነጭ የክር አበባ ነው። በእንግሊዝም ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጭ ፖፒ የሚያደርጉ የሰላም ወዳጆች አሉ። ከዚህ የምንረዳው አበባው በራሱ የሐዘን ወይም የደስታ ትርጉም እንደሌለውና ትርጉሙን የሚሰጠው የሕዝብ ስምምነት መሆኑን ነው።

በእኛ ዘንድ ስምምነቱ ምንድር ነው? በከተማ ሠርግ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ነጭ አበባ በግራ ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ስለዚህ የአጎታችን ጥያቄ ቀልድ ብቻ ሳይሆን ያዩትን ምልክት በትክክል ማንበብ ነበር።

በጨፋ ሸለቆ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው። ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ይህ መስክ በበጋ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት የሚሰማራበት ለምለም ረግረግ ነው። ጨፌ የሚለውም ቃል በኦሮምኛ ለምለሙን መስክ፣ እንዲሁም በመስክ ላይ የሚደረገውን ሸንጎ ያመለክታል። እርጥብ ሣር የሰላምና የምርቃት ምልክት ነው፤ በሌሎች የኦሮሞ አገሮች በኢሬቻ ሕዝቡ ሣርና አበባ ይዞ ይወጣል። በቤትም ቄጠማ የሚጎዘጎዘው እንግዳ ሲመጣና ደስታ ሲሆን ነው፤ በሐዘን ቤት አይጎዘጎዝም። በከሚሴ አካባቢ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ የሐዘኑ ሥርዓት በሸሪዓ ይመራል። ለዘመድ ሦስት ቀን ይታዘናል፤ ባል የሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከዐሥር ቀን ጌጥንና ሽቶን ትተዋለች። ሐዘን ማለት ጌጥ መጨመር ሳይሆን ጌጥ መቀነስ ነው ማለት ነው።

በክርስቲያኑም ወገን ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በሆሳዕና ዘንባባ፣ በቅዳሜ ሹር ቄጠማ በራስ ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱም የምሥራች ናቸው። ሐዘን ሲሆን ግን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይለብሳል። ምልክቱ ያለው በልብሱ አኳኋን እንጂ በሚጨመርበት ነገር አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ እንጥቀስ። የአውሮፓ ጦርነት ያቆመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር አዲስ አበባ በኅዳር በሽታ ሕዝቧን ትቀብር ነበር። አውሮፓውያን ያንን ወር በአበባ ሲያስቡት፣ እኛ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን፣ ጢስ አጢሰን እናስበዋለን። መታሰቢያ አላጣንም፤ መታሰቢያችን ሌላ መልክ አለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አበባ ለየካቲት 12 አይገባም ማለታችን አይደለም፤ የአበባ ጉንጉን ከሐውልቱ ሥር ሲቀመጥ ማንም አይሳሳተውም። ለሙታን የተሰጠ አበባ ከሙታን እግር ሥር ነው፤ በሕያው ደረት ላይ የዋለ አበባ ግን በአገራችን የሕያው ጌጥ ይሆናል። አደይ አበባን እናድርግ የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ ነገር ግን አደይ የአዲስ ዓመት ብሥራት ከመሆኑም በላይ ክረምት ሲወጣ ስለሚያብብ በየካቲት አይገኝም። ወደ ፊት የጋራ ምልክት ይኑረን የሚባል ከሆነ፣ ከጨርቅ የተሠራ፣ ትንሽ፣ ከሠርግ አበባ የሚለይ ቢሆን፣ ገቢውም ለአረጋውያን ወይም ለቅሬ ቢውል፣ ቀኑም ሲያልፍ ቢወልቅ መልካም ነው። ከሁሉ በፊት ግን በዕድሜ የገፉ ሰዎች አይተውት ምን እንደሚሉ መጠየቅ ይገባል።

እኛ በዘንድሮው የካቲት 12 ቀን ያለ አበባ፣ ነጠላ አዘቅዝቀን ሄድን። አጎታችን በዚያ አልነበሩም፤ ወደ ከሚሴ ተመልሰዋል። የሆነውን በስልክ ብንነግራቸው፣ «አሁን ለቅሶ ደረሳችሁ» አሉን። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን ከየአገራቸው ያለውን ልማድ ጨምረው ቢያርሙን ደስ ይለናል።