ባንክ ሲወድቅ ጉዳቱ ማን ላይ ያርፋል? የተማከለና ያልተማከለ የባንክ አሠራር

ሃያ ሰዎች በየወሩ 1,000 ሰቅል እያዋጡ እቁብ ይጥላሉ እንበል። በየወሩ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው ሰው 20,000 ሰቅል ይዞ ይሄዳል። ወለድ የለም፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪም የለም። ያለው ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱ እና መተዋወቅ ነው። ታዲያ አንዱ በሁለተኛው ወር ዕጣው ደርሶት ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋስ? ጉዳቱ ዋሱ ላይ ያርፋል። ዋሱ ካልቻለ ደግሞ ዕጣቸው ገና ያልደረሳቸው ሰዎች ላይ ይወድቃል።

የተማከለና ያልተማከለ የባንክ አሠራርን ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ብዙ ጊዜ «የትኛው ይሻላል?» ተብሎ ይጠየቃል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «ሲበላሽ ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃላቱ ምን ማለት ናቸው?

«የተማከለ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው፣ ገንዘብ የሚያሳትም፣ መሠረታዊውን ወለድ የሚወስንና ሌሎቹን ባንኮች የሚቆጣጠር አንድ ማዕከላዊ ባንክ መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ የሕዝቡ ገንዘብ በጥቂት ትልልቅ ባንኮች እጅ መከማቸቱ ነው።

እስራኤል ሁለቱም አላት። ማዕከላዊው ባንክ፣ ባንክ ኢስራኤል፣ የተቋቋመው በ1954 ነው። ከዚያ በፊት የአገሪቱን የገንዘብ ኖት ያወጣ የነበረው ዛሬ ባንክ ለኡሚ የምንለው የንግድ ባንክ ነበር። ዛሬም ለኡሚና ሃፖዓሊም ሁለቱ ብቻቸውን ገበያውን በሰፊው ይዘውታል። በአሜሪካ ግን ማዕከላዊው ባንክ ራሱ 12 የክልል ባንኮች አሉት፤ ከሥሩም በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽና ትልልቅ ባንኮች ይሠራሉ።

አሜሪካና ካናዳ፦ አንድ ችግር፣ ሁለት ውጤት

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሁለቱንም አገሮች መታ። ከ1930 እስከ 1933 ባለው ጊዜ በአሜሪካ 9,000 ያህል ባንኮች ወደቁ። በካናዳ በእነዚያ ዓመታት አንድም ባንክ አልወደቀም።

የሚገርመው፣ አሜሪካ ከ1913 ጀምሮ ማዕከላዊ ባንክ ነበራት፤ የካናዳው ማዕከላዊ ባንክ ግን ሥራ የጀመረው በ1935 ነው። ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው የባንኮቹ አወቃቀር ነበር። በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሕጉ ባንኮች ቅርንጫፍ እንዳይከፍቱ ይከለክል ወይም ይገድብ ነበር። ስለዚህ የአንድ የገበሬ ከተማ ባንክ የሚያበድረው ለዚያችው ከተማ ገበሬዎች ብቻ ነው። የስንዴ ዋጋ ሲወርድ ተበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መክፈል ያቅታቸዋል፤ ባንኩም አብሯቸው ይሄዳል። የካናዳ ባንኮች ጥቂት ነበሩ፣ ቅርንጫፋቸው ግን በመላው አገር ተዘርግቷል። በስንዴ አገር የጎደለውን በሌላ ቦታ ባገኙት ይሸፍኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው አሜሪካ በ1933 የተቀማጭ ኢንሹራንስ ሕግ ያወጣችው። ዛሬ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ዋስትና አለው። ባንኮቹ ተበታትነው ቢቀሩም ዋስትናው ተማከለ ማለት ነው።

ጥቂቶቹ ሲሳሳቱ፦ እስራኤል በ1983

ታዲያ ባንኮቹ ጥቂትና ትልልቅ ይሁኑ ብለን እንደምድም? አይደለም፤ ለዚህ ማስረጃው እዚሁ አገር ነው። በ1970ዎቹ ትልልቆቹ ባንኮች የራሳቸውን አክሲዮን በስውር እየገዙ ዋጋው ሁልጊዜ እንዲወጣ ያደርጉ ነበር። የባንክ ሠራተኞችም ደንበኞቻቸውን «ግዙ፣ አስተማማኝ ነው» ይሏቸው ነበር። በጥቅምት 1983 ሕዝቡ አክሲዮኑን እየሸጠ ዶላር ለመግዛት ሲሻማ ባንኮቹ ዋጋውን ደግፈው መያዝ አቃታቸው። የአክሲዮን ገበያው ተዘጋ። መንግሥት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ዕዳ ተሸከመ፤ ትልልቆቹ ባንኮችም በመንግሥት እጅ ገቡ። በ1986 የቤይስኪ ኮሚሽን ሪፖርት ሲወጣ የባንክ ኃላፊዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የባንክ ኢስራኤል ገዥም ከሥልጣን ወረዱ። ጠባቂው ራሱ ተጠያቂ ሆነ።

በተማከለ አሠራር ውድቀት ብዙ ጊዜ አይመጣም። ሲመጣ ግን ትልቅ ነው፤ የሚከፍለውም አክሲዮን ገዝቶ የማያውቅ ግብር ከፋይ ጭምር ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2002 ባንክ ለሚስሐር የተባለ ትንሽ ባንክ፣ አንዲት ሠራተኛው ለዓመታት ወደ 250 ሚሊዮን ሰቅል እንዳጎደለች ሲታወቅ ወደቀ። እንደ አሜሪካ ያለ የኢንሹራንስ ሕግ አልነበረም። ሆኖም ባንክ ኢስራኤል ተቀማጮቹ ገንዘባቸውን እንደሚያገኙ ዋስትና ሰጠ፤ ድንጋጤውም ወደ ሌሎች ባንኮች ሳይዛመት ቆመ። ይህን ማድረግ የሚችለው ማዕከል ብቻ ነው።

ቢትኮይንስ?

በ2009 ሥራ የጀመረው ቢትኮይን ባንክም ማዕከልም ሳይኖር እንዲሠራ የታሰበ ነው። መዝገቡ በአንድ ቢሮ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል፤ ማንም እንደ ፈለገ ሊያሳትመው አይችልም፤ ጣሪያውም 21 ሚሊዮን ነው። ነገር ግን የምስጢር ቁልፉ የጠፋበት ሰው «ረሳሁት» ብሎ የሚሄድበት ስኒፍ የለም። በስህተት የተላከም አይመለስም። ብዙ ሰዎች ይህን ፈርተው ቢትኮይናቸውን በአንድ የመገበያያ ድርጅት አስቀመጡ። ከእነዚህ አንዱ የነበረው የጃፓኑ ማውንት ጎክስ በ2014 ሲከስር የብዙዎች ገንዘብ ለዓመታት ተቆልፎ ቀረ። ከማዕከል የሸሹት ሌላ ማዕከል ውስጥ ገቡ፤ ያኛው ግን ተቆጣጣሪ አልነበረውም።

ለቤታችን ምን ትምህርት አለው?

እቁብን የሚተካ ባንክ የለም። ባንኩ መዝገብና የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል፤ እቁቡ ግን የሚጠይቀው ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ነው። ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ያበደረ ነው። ይህ የሚሠራው መተዋወቁ እውነተኛ እስከሆነ ድረስ ነው። አባላቱ በየከተማው ሲበታተኑና በስልክ ብቻ ሲገናኙ ዋሱም ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ለቤት ዕቃ ወይም ለድግስ የሚሆን ገንዘብ በእቁብ ቢሰበሰብ መልካም ነው። ለማሽካንታ የተጠራቀመው የዓመታት ገንዘብ ግን ሲበላሽ የሚጠየቅ አካል ያለበት ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ባንኮቹ ጥቂት መሆናቸው የሚያስከፍለን ዋጋም አለ፦ ኮሚሽኑ ይወደዳል፣ ለተቀማጭ የሚሰጠው ወለድ ያንሳል። ከመስከረም 2021 ጀምሮ ግን አንድ ደንበኛ ሂሳቡን ከባንክ ወደ ባንክ በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ፣ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ማዛወር ይችላል። ባንክ ለመቀየር ባታስቡም እንኳ የሌላውን ባንክ ዋጋ ጠይቃችሁ ወደ ባንካችሁ ሂዱ። መሄድ እንደሚችል የሚታወቅ ደንበኛ የተሻለ መልስ የማግኘት ዕድል አለው።