በወረራው ዘመን የተደነገገው የዘር ሕግ

ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም አልፎ ወደ ደምበጫ በሚወስደው ጐዳና የሚመላለስ መንገደኛ፣ አርበኞች በዚያ አገር ስላደረጉት ተጋድሎ ከሽማግሌዎች አፍ ብዙ ይሰማል፤ ጠላት በማኅተም አጽንቶ ስላወጣው የዘር ሕግ ግን የሚነግረው አያገኝም። እኔ ደግሞ ፋሺስት ኢጣልያ ለሕዝባችን ያሰበውን ዕጣ ከመድፉ ይልቅ ሕጉ አጕልቶ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ጐጃምን መናገሻው ጐንደር በሆነው በአማራ ግዛት ሥር ሲያደርግ፣ ዜግነትን ለኢጣልያውያን ለይቶ የአገሩን ተወላጅ ተገዢ ብሎ ሰየመው። በአዲስ አበባ የነጭና የጥቁር መኖሪያ ተከፍሎ፣ ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተነቅሎ ለተወላጆች መርካቶ ተመሠረተ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ነው። ይህ ሕግ ከተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ኢጣልያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል! ወታደሩ ከአንዲት ሴት ጋር ለአንድ ሌሊት ቢያመነዝር ወንጀል አልነበረም፤ ዳኞቹ የበደል ማስረጃ አድርገው ይመረምሩ የነበረው አብሮ መኖርን፣ በአንድ ማዕድ መብላትን፣ ከሁሉም በላይ ፍቅርን ነበር። ጋብቻን ከምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ አድርጎ ለሚያከብር ሕዝብ፣ ዝሙትን ለቅቆ ፍቅርን የሚያስር ፍርድ ከግፍ ሁሉ የባሰ ግፍ ነው። ሰኔ 22 ቀን 1931 ዓ.ም. የዘርን ክብር ለማስጠበቅ በሚል ሰበብ ሌላ የቅጣት ሕግ ተጨመረ፤ ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ ኢጣልያዊ አባት ከተገዢ የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። ደቡብ አፍሪካ የነጭንና የጥቁርን ጋብቻ በሕግ የከለከለችው ከዚህ በኋላ፣ በ1941 ዓ.ም. ነው።

የጐጃም ሰው አንቀጹን አንብቦ አልሸፈተም፤ መሣሪያውን ሊያስፈቱት፣ ክብሩን ሊገፉት በመጡ ጊዜ ነው በ1930 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ የተነሣው። በምዕራቡ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጠላትን በየምሽጉ አጥረው ያዙት፤ እንግሊዞች ያደራጁት የጌዴዎን ጦር ከሱዳን በመጣ ጊዜም ጠላት የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገብተው ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል የዘር ሕጉም ከሠሪው ጋር ወደቀ።

ስለዚህ በቡሬና በፍኖተ ሰላም የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ የጦርነቱን ታሪክ ለልጆቻችን ስትነግሩ የእነዚህን ሕጎች ቃል አብራችሁ አስነብቡ።